ፍለጋችሁ የግላችሁ ሆኖ እንዲቀር፦ የመፈለጊያ ሳጥን አጠቃቀም መመሪያ

ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ግማሹን እንተወዋለን። ለቅርብ ወዳጅም ስንናገር መርጠን ነው። እንደ ጉግል ባለ መፈለጊያ ሳጥን ላይ ግን ማንም አያየንም ብለን ሁሉንም እንጽፋለን፦ ያመመንን፣ የተበደርነውን፣ የጠረጠርነውን፣ ልንለቅ ያሰብነውን ሥራ። ያ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ምን ያህል እንደሚናገርብን በደንብ የታየው በ2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ የ650,000 ገደማ ተጠቃሚዎቹን የሦስት ወር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ጥያቄ ነበር። የማንም ስም አልተጻፈበትም፤ እያንዳንዱ ሰው በቁጥር ተተክቷል። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ያለችውን ሴት ለይተው አነጋገሯት። መንገዱን ያሳያቸው እሷው የጻፈቻቸው ጥያቄዎች ናቸው። ኩባንያው መረጃውን ቶሎ ቢያነሳውም ቅጂው ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር።

መፈለጊያዎችን ተዉ እያልኩ አይደለም። ያለ እነሱ መዋል ከባድ ነው። እኔ የምለው፣ እምነታችሁን በጅምላ አትስጧቸው ነው። ተራውን ጥያቄ በለመዳችሁት መንገድ ጠይቁ፤ የግላችሁን ግን ለዩት። ሳጥኑ መልሶ የሚያሳያችሁንም ሁሉ እኩል አትመኑት። ከታች ያሉትን እርምጃዎች ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቧቸው።

1. መጀመሪያ የተከማቸባችሁን እዩ

የጉግል አካውንት ካላችሁ ብራውዘራችሁ ላይ ማይ አክቲቪቲ ብላችሁ ፈልጉና የጉግልን ገጽ ክፈቱ። ወይም ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን የፕሮፋይል ምስላችሁን ነክታችሁ ወደ አካውንት ማስተዳደሪያው ግቡ። እዚያ ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ በሚለው ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ ስሞቹ ተተርጉመው ይመጣሉ፤ ቦታቸው ግን ያው ነው።

ማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ቢንግን የምትጠቀሙ ከሆነም የፍለጋ ታሪካችሁ በአካውንቱ የፕራይቬሲ ገጽ ላይ ይታያል፤ ከዚያው ማጥፋት ይቻላል።

ገጹ ሲከፈት አትቸኩሉ። አንድ ቀን ምረጡና ከታች ወደ ላይ አንብቡት። አዲሱ ከላይ ስለሚቀመጥ ታሪኩ የሚጀምረው ከታች ነው። እንዲህ ያለ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ እንበል፦

ከሌሊቱ 8፡14 — ጡት ላይ እብጠት ምልክቱ ምንድን ነው
ከሌሊቱ 8፡31 — እብጠት ሁሉ ካንሰር ነው ወይ
ከጠዋቱ 3፡05 — የባዮፕሲ ውጤት ስንት ቀን ይፈጃል
ከጠዋቱ 3፡20 — የሕመም ፈቃድ ደመወዝ ይቆረጣል

አራት መስመር ብቻ ነው። ስም የለበትም። ግን አንዲት ሴት እንዳልተኛች፣ ምን እንደፈራች፣ ተቀጣሪ እንደሆነች፣ ደመወዟም እንደሚያሳስባት ያነበበ ሁሉ ይገባዋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ምንም አይደለም። የሚናገረው ሰዓቱና ተከታታይነቱ ነው። ስለዚህ “እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም” የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምመክረው ይህንን ገጽ ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ እንዲያየው ብቻ ነው።

2. አጥፉት፤ ተመልሶ እንዳይከማችም አድርጉ

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን ሠርቶ ሁለቱም የተሠሩ ይመስለዋል።

ያለፈውን ለማጥፋት እዚያው ገጽ ላይ ዲሊት የሚለውን ንኩ። የመጨረሻውን ሰዓት፣ አንድን ቀን፣ ወይም ከመጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ሁሉ መምረጥ ትችላላችሁ። የምትፈልጉት የቆየ ነገር ከሌለ ሁሉንም ጠራርጉት።

የሚመጣውን ለመቆጣጠር ደግሞ ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ የሚለውን ማስተካከያ ክፈቱ። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ጨርሶ መዝጋት ነው። ሁለተኛው በየጊዜው በራሱ እንዲሰረዝ ማድረግ ነው፤ ኦቶ ዲሊት ይባላል፤ 3 ወር፣ 18 ወር ወይም 36 ወር ትመርጣላችሁ። ከ2020 አጋማሽ ወዲህ ለተከፈቱ አካውንቶች ራሱ የሚሰጠው 18 ወር ነው። ከዚያ በፊት የተከፈተ አካውንት ካላችሁ ግን ራሳችሁ ካልነካችሁት በቀር ሳይሰረዝ እየተከማቸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድሮ አካውንት ያላችሁ ይህን እርምጃ አትዝለሉት።

እኔ የምመርጠው መዝጋትን ነው። የቀድሞ ፍለጋ ተመልሶ ሲመጣ የሚጠቅማችሁ ከሆነ 3 ወሩን ምረጡ። 36 ወር ለማንም አልመክርም።

የዩቲዩብ ታሪክና የሄዳችሁበትን ቦታ የሚመዘግበው ታይምላይን የየራሳቸው ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው። አንዱን መዝጋት ሌላውን አይዘጋም። እዚያው ገጽ ላይ ተደርድረው ስለሚገኙ አንድ በአንድ እዩዋቸው። ማስታወቂያ ከፍለጋችሁ እየተነሳ እንዳይከተላችሁም ማይ አድ ሴንተር ውስጥ ገብታችሁ ፐርሰናላይዝድ አድስ የሚለውን አጥፉ። ማስታወቂያው አይቀርም፤ በእናንተ ታሪክ መመረጡ ግን ይቀራል።

አንድ ነገር ይታወቅ። ከገጻችሁ ላይ ጠፋ ማለት ከኩባንያው ሰርቨር ላይ ምልክቱ ሁሉ ያኔውኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ጉግል በራሱ ፖሊሲ እንደሚለው በሰርቨር መዝገቦቹ ውስጥ ካለው የማስታወቂያ መረጃ ላይ የአይፒ አድራሻውን (መሣሪያችሁ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከፊል ክፍል የሚያነሳው ከ9 ወር በኋላ፣ የኩኪውን (ድረ ገጽ እናንተን ለመለየት ብራውዘራችሁ ላይ የሚያስቀምጠውን ትንሽ ፋይል) መረጃ ደግሞ ከ18 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ከማጥፋት ይልቅ መጀመሪያውኑ አለማስመዝገቡ ይሻላል። የቀጣዩ እርምጃ ጉዳይ ይኸው ነው።

3. ኢንኮግኒቶ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለዩ

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው የተሳሳተ ግንዛቤ ብዙ ሰው ይጎዳል። ኢንኮግኒቶ የሚባለው፣ ብራውዘሩ ታሪክ የማያስቀርበት ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት የተሰወርን ይመስለናል።

ኢንኮግኒቶ የሚሠራው በእናንተ መሣሪያ ላይ ነው። መስኮቱን ስትዘጉት የጎበኛችኋቸው ገጾች ከሂስትሪ ይጠፋሉ፤ ኩኪዎቹም ይሰረዛሉ። ከእናንተ በኋላ ስልኩን የሚያነሳ ሰው የፈለጋችሁትን አያይም። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ትንሽ ጥቅምም አይደለም።

ከመሣሪያችሁ ውጪ ያለው ግን እንዳለ ነው። የምትጎበኙት ድረ ገጽ ያያችኋል። መፈለጊያው ጥያቄያችሁን ይቀበላል። ኢንተርኔት አቅራቢው የትኛው ድረ ገጽ ጋር እንደተገናኛችሁ ማየት ይችላል፤ ግንኙነቱ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ) ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ የጻፋችሁትን ቃል ግን አያነበውም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የተጫነበት መቆጣጠሪያ ስክሪናችሁን ሳይቀር ሊያይ ይችላል። የግል ጉዳይ በመሥሪያ ቤት መሣሪያ አትፈልጉ፤ እዚህ ላይ ምንም ዘዴ አይሠራም።

ጉግል በዚህ ምክንያት በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሷል። ከሳሾቹ በኢንኮግኒቶ ሳሉም መረጃቸው እንደተሰበሰበ ተናገሩ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በ2024 በስምምነት ጨረሰ፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋትና የኢንኮግኒቶ ማሳወቂያውን ግልጽ ለማድረግ ተስማማ።

ስለዚህ ስትጠቀሙበት ሁለት ነገር ያዙ። መስኮቱ ውስጥ ወደ ማንኛውም አካውንታችሁ አትግቡ። ጂሜይላችሁን አንድ ጊዜ ከከፈታችሁ ከዚያ በኋላ የምትፈልጉት በስማችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ስትጨርሱ ሁሉንም የኢንኮግኒቶ ታቦች ዝጉ። አንዱ ተከፍቶ ከቀረ ኩኪው አብሮት ይቆያል።

4. ለግል ጥያቄ የተለየ በር ይኑራችሁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ስልካችሁ ላይ ሁለተኛ ብራውዘር ጫኑ። ፋየርፎክስ ይሁን ብሬቭ ወይም የዳክዳክጎ አፕ፣ ለውጥ የለውም። ምንም አካውንት አትግቡበት። ጤና፣ ገንዘብ፣ ትዳር፣ ሕግ፣ እምነት፣ ፖለቲካ፣ ሥራ ፍለጋ፣ እነዚህን ሁሉ እዚያ ብቻ ጠይቁ። የለመዳችሁት ብራውዘር ለካርታ፣ ለአየር ሁኔታና ለኳስ ውጤት ይቆይ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ስንፍናችንን ስለማይታገል ነው። ሁሉንም ነገር ለመቀየር የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ወደ ድሮው ይመለሳል። አንድ አዲስ ምልክት መንካት ግን ማንንም አያደክምም።

የጫናችሁት ፋየርፎክስ ወይም ብሬቭ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሰርች ኢንጂን የሚለውን ክፈቱና መፈለጊያውን ቀይሩ። ምርጫዎቹ ይለያያሉ።

ዳክዳክጎ በ2008 የተመሠረተ ነው። ፍለጋችሁን ከማንነታችሁ ጋር አያይዞ አያስቀምጥም። ገቢው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ግን የሚመረጠው አሁን በጻፋችሁት ቃል እንጂ በታሪካችሁ አይደለም። ውጤቱን በብዛት የሚያገኘው ከቢንግ ነው። ስታርትፔጅ መቀመጫው ኔዘርላንድስ ሲሆን ጥያቄያችሁን ያለ ማንነታችሁ በዋናነት ወደ ጉግል አድርሶ ውጤቱን ያመጣላችኋል። ብሬቭ ሰርች በ2021 የጀመረ ሲሆን የራሱ የድረ ገጾች ማውጫ አለው። በአማርኛ ስትፈልጉ ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ውጤት ሊሳሳባችሁ ይችላል። ያኔ ስታርትፔጅን ሞክሩ፤ ውጤቱ በአብዛኛው ከጉግል ስለሚመጣ ብዙም አይጎድላችሁም።

እነዚህንም ቢሆን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትመኑ። በ2022 አንድ ተመራማሪ የዳክዳክጎ የስልክ ብራውዘር ከማይክሮሶፍት ጋር ባለው ውል ምክንያት አንዳንድ የማይክሮሶፍት መከታተያዎችን (ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ሰውን የሚከተሉ ኮዶችን) እንደማያግድ አሳየ። ኩባንያው አምኖ በዚያው ዓመት አስተካከለው። እኔ ይህን የማነሳው እንድትሸሹት አይደለም፤ ጥፋቱ የታወቀው ሰው ስለመረመረ፣ የተስተካከለውም ተጠቃሚው ስለጠየቀ መሆኑን እንድታዩ ነው። አሁንም ከምመክራቸው አንዱ እሱ ነው።

የመፈለጊያው ጥበቃ የውጤት ገጹ ላይ ያበቃል። ሊንክ ነክታችሁ ከወጣችሁ በኋላ የምትገኙት በሌላ ሰው ግቢ ነው። እዚያ የሚጠብቃችሁ የብራውዘሩ መከታተያ ማገጃ ነው። ፋየርፎክስና ብሬቭ አብሯቸው የሚመጣ ማገጃ አላቸው፤ መብራቱን ብቻ አረጋግጡ።

“ነባሩን፣ ማለትም ብራውዘሩ ይዞት የመጣውን መፈለጊያ መቀየር ይህን ያህል ምን ለውጥ ያመጣል?” የሚል ካለ አንድ ቁጥር ልንገረው። ጉግል በ2021 ብቻ በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ነባር መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የወጣ ነው፤ በዚሁ ክስ ዳኛው በ2024 ኩባንያው በፍለጋ ገበያው ላይ ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ሞኖፖሊውን እንዳስጠበቀ ወስነዋል። ያን ያህል ገንዘብ የሚወጣው አብዛኛው ሰው ተዘጋጅቶ የተሰጠውን እንደማይቀይር ስለሚታወቅ ነው።

5. ከላይ የወጣውን ሁሉ አትንኩ

እስካሁን ያወራነው እኛ ስለምንሰጠው ነው። አሁን ስለሚሰጠን።

ፈልጋችሁ ስታበቁ ከላይ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ሊንኮች ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ናቸው። ስፖንሰርድ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይኖራቸዋል። ማስታወቂያና እውነተኛ ውጤት ተቀላቅለው ሸማቹን እንዳያሳስቱ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለመፈለጊያ ኩባንያዎች በ2002 ጽፎላቸው ነበር። በ2013 እንደገና ጻፈ፤ ልዩነቱ እየደበዘዘ መጥቷል ብሎ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ያለማስተዋል የእናንተ ድክመት ብቻ አይደለም።

ማስታወቂያ ሁሉ ማጭበርበሪያ አይደለም። አጭበርባሪ ግን ከፍሎ ከላይ መቀመጥ ይችላል። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ2022 ዲሴምበር ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ነበር፦ ወንጀለኞች የታወቁ ድርጅቶችን መስለው የፍለጋ ማስታወቂያ እየገዙ ሰውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳሉ። ከመከላከያዎቹ አንዱ አድርጎ የመከረው የማስታወቂያ ማገጃ መጠቀምን ነው።

ሦስት ዓይነት ፍለጋ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።

የባንክና የክፍያ ገጽ። ባንካችሁን በጭራሽ በመፈለጊያ አትድረሱበት። አፑን ተጠቀሙ፤ ወይም ትክክለኛውን አድራሻ ከባንኩ ደብዳቤ ወይም ከካርዳችሁ ጀርባ ወስዳችሁ አንድ ጊዜ ጻፉና ቡክማርክ አድርጉት።

የደንበኞች አገልግሎት ስልክ። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ተደናግጦ የመጀመሪያውን ቁጥር ይደውላል። አጭበርባሪውም የሚጠብቀው ያን ድንጋጤ ነው። ቁጥሩን ከድርጅቱ አፕ ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ውስጥ ውሰዱ። የደወላችሁለት ሰው ፓስወርድ፣ በመልእክት የመጣ ኮድ፣ ወይም ስልካችሁን ከርቀት የሚያሠራ አፕ እንድትጭኑ ከጠየቀ ስልኩን ዝጉ።

ነጻ ሶፍትዌር። ዳውንሎድ የምታደርጉትን ከሠሪው ገጽ ወይም ከስልካችሁ የአፕ መደብር ብቻ አውርዱ።

አድራሻ ማንበብም ተለማመዱ። ሊንኩን ከመንካታችሁ በፊት፣ ወይም ገጹ ከተከፈተ በኋላ፣ ከላይ ያለውን አድራሻ እዩ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ነጠላ ዘንበል ያለ መስመር (/) ፈልጉ፤ ከእሱ ወዲያ ያለውን እርሱት። ከዚያ ከመስመሩ ወደ ግራ እየመጣችሁ አንብቡ። ከዶት ኮም አጠገብ ያለው ቃል ነው የቤቱ ባለቤት። “ሎጊን ዶት ባንካችን ዶት ኮም” ከሆነ ባለቤቱ ባንካችን ነው። “ባንካችን ዶት ሎጊንእርዳታ ዶት ኮም” ከሆነ ግን ባለቤቱ ሎጊንእርዳታ የተባለ ሌላ ሰው ነው፤ የባንኩ ስም ከፊት የተለጠፈው ለማታለል ነው። አንዳንድ አገሮች መጨረሻው ላይ ሁለት ቃል ይጠቀማሉ፤ ዶት ኮ ዶት ዩኬ እንደሚባለው። ያኔ ባለቤቱን ከሁለቱ ቃላት በፊት ፈልጉት። የቁልፉ ምልክት መኖሩ ደግሞ ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ ባለቤቱ ታማኝ መሆኑን አይነግራችሁም። አጭበርባሪም ቁልፍ ያወጣል።

6. በኤአይ የተጻፈውን መልስ ከምንጩ አመሳክሩ

አሁን አሁን ከውጤቶቹ በላይ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ተጠቃሎ የተጻፈ መልስ ይመጣል። ጉግል ይህን በአሜሪካ በሰፊው የጀመረው በ2024 ሜይ ነው፤ ገና በጀመረበት ሰሞን ፒዛ ላይ ማጣበቂያ ጨምሩ ብሎ የመከረበት መልስ ዓለምን አዳርሷል። ያ ስህተት ማንም የሚያውቀው ስህተት ነበር። የሚያስፈራው ትክክል የሚመስለው ነው፤ የመድኃኒት መጠን፣ የሕግ ቀነ ገደብ፣ የስልክ ቁጥር። እነዚህን መልሱ ላይ ካለው ሊንክ ገብታችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ሊንኩ ያን ካላለ መልሱን ጣሉት። ጉግል ላይ ከውጤቱ በላይ ካሉት ማጣሪያዎች ዌብ የሚለውን ከነካችሁ ሊንኮቹ ብቻ ይቀሩላችኋል።

7. ስማችሁን ፈልጉ

በሁለተኛው ብራውዘራችሁ ላይ ሙሉ ስማችሁን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። ስልክ ቁጥራችሁንና የቤት አድራሻችሁን ግን ከስማችሁ ጋር በአንድ መስመር አትጻፉ፤ ለየብቻ ፈልጓቸው።

ያልፈለጋችሁት ነገር ከወጣ ጉግል ሪዘልትስ አባውት ዩ የሚባል መጠየቂያ አለው። ስልክ፣ አድራሻ፣ ኢሜይል የያዘ ውጤት እንዲነሳ ታመለክቱበታላችሁ። በሁሉም አገር ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ የጉግልን ተራ የማስወገጃ ፎርም ሙሉ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ መብት አላችሁ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 ሜይ በሰጠው ውሳኔ፣ ጊዜ ያለፈበት ወይም አግባብነት የሌለው መረጃ በስማችሁ ሲፈለግ እንዳይወጣ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ውጤቱ ተነሳ ማለት ግን ገጹ ጠፋ ማለት አይደለም። መረጃው እዚያው አለ፤ በመፈለጊያው በኩል አይደረስበትም ብቻ። ስለዚህ ለገጹ ባለቤትም ጻፉ።

8. ቀሪዎቹ ማስተካከያዎች

የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለብራውዘሩና ለመፈለጊያ አፑ የተሰጠውን የሎኬሽን ፈቃድ እዩ። አፑን ስጠቀም ብቻ በሚለው ይሁን፤ ትክክለኛ ቦታ የሚለውንም አጥፉት። ማይክሮፎን በድምፅ ካልፈለጋችሁ አያስፈልገውም።

ኮምፒውተር ላይ የብራውዘር ኤክስቴንሽኖችን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ዝርዝር ክፈቱ። በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለ መረጃችሁን ማንበብና መቀየር የሚል ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን ፍለጋችሁን በሙሉ ማየት ይችላል። የማታውቁትን አውጡት። መፈለጊያችሁ ሳትቀይሩት ተቀይሮ ካገኛችሁትም መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ከእነዚሁ አንዱን ነው።

9. ለቤተሰብም አስተካክሉ

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ካሏችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሂስትሪያቸውን ሳታስፈቅዱ አታንብቡ፤ የእናንተን እንዲያነቡ እንደማትፈልጉ ሁሉ። የባንካቸውን አፕ ፊት ለፊት አውጡላቸው፤ የባንኩን ትክክለኛ ስልክም ኮንታክት ውስጥ በስሙ መዝግቡላቸው። የማስታወቂያ ማገጃ ያለው ብራውዘር ጫኑና የድሮው በነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ አብራችሁ አንድ ፍለጋ አድርጉ፤ ስፖንሰርድ የሚለው የት እንደሚጻፍ በጣታችሁ አሳዩአቸውና ቀጣዩን እነሱ ራሳቸው እንዲያገኙት ጠብቁ። ዓይናቸው ደከም ካለ ፊደሉን አስቀድማችሁ አተልቁላቸው፤ ያ ጽሑፍ በተራው መጠን ለእነሱ አይታይም።